የሕፃን ሻምፖ በመስታወት ቆራጭ ቦርሳ

ሰኔ 4 ቀን፣ ማክሰኞ፣ ከሥራ መልስ

ይድረስ ከውሃ በታች እየሠራሽ ከውሃ በላይ ያለነውን እንቅልፍ ለነሳሽን ልጄ፣

እንዴት ነሽልኝ? ጤናሽ፣ ጆሮሽ፣ ሥራሽ? ያ የሚያስነጥስሽ ነገርስ ተወሽ? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ እንደ ልማዱ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል፤ ከዚያ በቀር ደህና ነኝ። አባትሽም ደህና ነው። እንዲያውም ከመጠን በላይ ደህና ነው፤ ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽም በዚሁ ምክንያት ነው።

በስልክ ያልነገርኩሽ የዚህ ቤት ግድግዳ ስስ ስለሆነ ነው። አንቺ በደወልሽ ቁጥር አባትሽ ወንበሩን ትቶ ወደ ጓሮ እንደሚወጣ ታውቂያለሽ። የጓሮውን በር ግን አይዘጋውም፤ ሁልጊዜ ገርበብ አድርጎ ነው የሚተወው። ድርግም አድርጎ ዘግቶት ቢወጣ አልጠረጥርም ነበር። ስለዚህ ወረቀት ይሻላል አልኩ። ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

አባትሽ ሌላ ልጅ ሳይኖረው አይቀርም።

አትሳቂ። ስትስቂ ይታየኛል። እናቴ ደግሞ ጀመራት፣ መሥሪያ ቤት በር ላይ ቆማ የሰው ቦርሳ ስትፈትሽ ኖራ አሁን ባሏን መፈተሽ ጀመረች ትያለሽ። በይ። እኔ ግን በዚህ ሥራ ያረጀሁት በከንቱ አይደለም። የሚደብቀው ነገር ያለው ሰው ሳትጠይቂው ቦርሳውን ራሱ ይከፍትልሻል፣ ፈገግ ይላል፣ ስለ ፀሐዩ ያወራል። የማይደብቀው ደግሞ ወርውሮልሽ ሰዓቱን ያያል። አባትሽ የመሣሪያ ቦርሳውን ዕድሜውን ሙሉ በር ሥር እየወረወረ ነበር የሚገባው። መስታወት መቁረጫው፣ ስቱኮው፣ መስታወት የሚያነሣበት የላስቲክ መምጠጫ፣ ያ ከእኔ አስበልጦ የሚሳሳለት መወልወያ ጨርቁ፣ ሁሉም እዚያው በር ሥር ነበር የሚያድረው። እኔም እየረገጥኩት ስጮህ ኖርኩ። አሁን ግን ቦርሳው አልጋ ሥር ገብቷል። አልጋ ሥር ብቻ አይደለም፣ እጄ እንዳይደርስ ከግድግዳው ጋር ተለጥፎ።

መጀመሪያ ማለቅ የጀመረው የጥርስ ሳሙና ነው። በሁለታችን አፍ የቀረውን ጥርስ ብትደምሪው የአንድ ጤነኛ ሰው ድርሻ አይሞላም። ሳሙናው ግን ከሱቅ ይዤ በገባሁ በማግሥቱ ተጨምቆ ተጠቅልሎ አገኘዋለሁ። ምን እያደረግህበት ነው ስለው ድዴን አሞኛል አለኝ። ድዱን ያመመው ሰው ደረቅ ዳቦ እየቆረጠመ!

ቀጥሎ ሐሙስ ሐሙስ ነገር መጣ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የመስታወት ሱቁን ዘግቶ ይጠፋል። ሲመለስ ከጆሮው ኋላ ፀጉሩ እርጥብ ነው። ፊቱ ላይ ደግሞ ከግንባሩ ተነሥቶ በጉንጮቹ ዞሮ ከአፍንጫው ሥር የሚገናኝ ቀይ መስመር አለ። እኔ የትራስ ምልክት አላውቅም? እንቅልፍ ወስዶህ ነበር እንዴ አልኩት። የት አለኝ። ጥያቄን በጥያቄ የሚመልስ ሰው ደግሞ እኛ በር ላይ ወደ ጎን ነው የሚቆመው።

ቅዳሜ እሱ መታጠቢያ ቤት ሳለ በሆዴ ተኝቼ በመጥረጊያ እንጨት ቦርሳውን ሳብኩት። ከስቱኮው ሥር፣ በጨርቁ ተጠቅልሎ፣ የሕፃን ሻምፖ አገኘሁ። ከግማሽ በታች ነው። መነጽሬን አድርጌ ጠርሙሱ ላይ ያለውን ሁሉ አነበብኩት፤ ለስላሳ ቆዳ፣ ዓይን አያቃጥልም፣ ከተወለደ ጀምሮ። ከተወለደ ጀምሮ! በዚህ ቤት የመጨረሻዋ ሕፃን አንቺ ነሽ፣ አንቺም አሁን ውሃ ውስጥ ብረት ትበይጃለሽ። ጠርሙሱን እንደነበረ ጠቅልዬ፣ ቦርሳውን እንደነበረ ገፍቼ፣ ከወለሉ ላይ በስንት ግድ ተነሣሁ።

አክስትሽን አማከርኳት። ወንድሟ ስለሆነ ትሸፍንለታለች፣ እኔም እቆጣታለሁ፣ ይወጣልኛል ብዬ ነበር። እሷ ጭራሽ ቤንዚን ሆነችብኝ። ሰምታኝ ሰምታኝ፣ ልጁ እንደ እኛ ቤተሰብ አፍንጫው ሰፊ ይሆን እንዴ አለችኝ። ከዚያ ወዲህ አፍንጫው ሰፊ የሆነ ሕፃን በየመንገዱ እያየሁ ነው።

እውነቱን ልንገርሽ? ሴት አለችው ወይ የሚለው አይደለም ያንገበገበኝ። እኔ አሁን በዚህ ጉልበቴ የምቀናበት ጊዜ አልፏል፤ ትንሽ እቀና ይሆናል እንጂ። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። የእሱ መስታወት ቤት ሠልጥነሽ፣ መቁረጫውን ከእጁ ተቀብለሽ፣ በኋላ ትተሽው ወደ ባሕር በሄድሽበት ቀን «የምትሄጂበትን ሳታዪ ነው የምትገቢው» ብሎሽ አፉን ዘጋ። ይኸው እስከ ዛሬ አልከፈተውም። እሺ ይሁን፣ ተቀየመ፣ ሰው ይቀየማል። ነገር ግን አንቺን አንድ ቃል የነፈገ ሰው የሆነ ቤት ተቀምጦ የሌላ ልጅ ጭንቅላት እያጠበ ከሆነ ይህን አልችለውም። ይህ ከሆነ ሻንጣዬን ይዤ አክስትሽ ጋ እገባለሁ፤ ቤንዚንነቷን ችዬ።

ከነገ ወዲያ ሐሙስ ነው። ፈቃድ ጠይቄያለሁ። እከተለዋለሁ። ይህን ደብዳቤ እጅ ከፍንጅ ከያዝኩት በኋላ እጨርሰዋለሁ።

ሰኔ 14 ቀን፣ ዓርብ

ልጄ፣ ከላይ ያለውን ልቀደው ነበር። ከዚያ አሰብኩና ተውኩት። ምን ዓይነት እናት እንዳለችሽ ማወቅ መብትሽ ነው።

ባለፈው ሳምንት ሐሙስ የአክስትሽን ሻርፕ ተከናንቤ ተከተልኩት። ሽማግሌው እንዴት ይሄዳል መሰለሽ! ከእኔ ጋር ሲሆን ወገቤን የሚል ሰውዬ ቦርሳውን አንጠልጥሎ አስፋልቱን በሩጫ አቋረጠ። ዳቦ ቤቱን አለፈ፣ ጋራዡን አለፈ፣ ሕፃን ሊኖርበት ይችላል ብዬ የጠረጠርኩትን በር ሁሉ አለፈ። ከዚያ የመዋኛ ገንዳው ግቢ ገባ። እኔም ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ደረስኩ።

በሩ ላይ ፈታሽ አለች። እንደ እኔው ወንበር ሳይሰጧት የምትቆም፣ ካፖርቷ ከትከሻዋ የሰፋ ሴት። ቦርሳዬን ሳትጠይቀኝ ከፍቼ አሳየኋት፣ ፀሐዩ ከረረ አልኳት። ቦርሳውን አልነካችውም፤ ፊቴን አየችኝ።

«ምን ፈልገሽ ነው የመጣሽው?» አለችኝ።

በገዛ ሙያዬ ተያዝኩ። መደበቁ ዋጋ እንደሌለው ገባኝና የመሣሪያ ቦርሳ ይዞ ስለገባው ሽማግሌ ጠየቅኳት። የመስታወቱ ሰውዬ ነው አለች። ሐሙስ አይቀርም፤ ቦርሳው ውስጥ መቁረጫ ስላለ እሷ ጋ አስቀምጦ ሌላውን ይዞ ይገባል። እኔም የሕፃን ሻምፖስ አልኳት።

«እኔም ገርሞኝ ነበር» አለች። «መጀመሪያ ቀን ‹አባባ፣ ልጅቷ የታለች?› አልኳቸው። ‹አድጋ ሄደች› አሉኝ።»

ያቺ ሴት የሌላትን ወንበር ከየት እንዳመጣችልኝ አላውቅም።

ስረጋጋ አስገባችኝ። ገንዳው ያለበት አዳራሽ ክሎሪን ክሎሪን ይሸታል፣ የሰው ድምፅ ከጣሪያው ጋር እየተላተመ ይመለሳል። ከአንድ ምሰሶ ኋላ ቆምኩ። አባትሽ ቁምጣ ለብሶ ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል፣ ጀርባው ላይ የአየር ሲሊንደር ታስሮለታል። እጁ ላይ ዓይንና አፍንጫን አንድ ላይ የሚሸፍን የጠላቂ መነጽር ይዟል። የትራስ ምልክት ያልኩት የዚያ ጠርዝ ኖሯል። እና ምን እያደረገ ነበር? በዚያ ጨርቁ እየወለወለው! ትንፋሹን እፍ እያለ፣ ወደ ብርሃን እያነሣ፣ እንደገና እየወለወለ። አጠገቡ ሁሉም ሰው ዓሣው የሚለው አሠልጣኝ ቆሟል፤ ትዕግሥቱ ሊያልቅ ትንሽ የቀረው ወጣት ነው።

«ፋዘር፣ አትወልውለው አልኩህ እኮ። ሻምፖው ስስ ብሎ መስታወቱ ላይ መቅረት አለበት። ነከር አድርገህ ፊትህ ላይ ማድረግ ነው።»

«እንደተዝረከረከ?»

«እንደተዝረከረከ። ካልሆነ ምራቅህን ተፋበትና እሸው። ሁላችንም የምናደርገው እሱን ነው።»

«እኔ መስታወት ላይ አልተፋም» አለ አባትሽ።

አንቺ ይህን ድምፅ ታውቂዋለሽ። ትንሽ ሆነሽ ሱቁ ውስጥ ተደግፎ በቆመው መስታወት ሁሉ ላይ እየተነፈስሽ በጣትሽ ዓሣና ጀልባ ስትሥይ፣ ጨርቁን ይዞ ከኋላ ከኋላሽ የሚመጣበት ድምፅ ነው። ሳይቆጣሽ ያጠፋዋል፣ አንቺ ደግሞ ቀጥሎ ያለው ላይ ትተነፍሻለሽ።

ወልውሎ ጨረሰና ወረደ። ብዙም ሳይቆይ ጠርዙን ጨብጦ እያለከለከ ወጣ። መነጽሩ ከውስጥ ነጭ ሆኗል፣ ዓይኑ አይታይም። አውልቆ ወለወለው፣ ወረደ፣ ወጣ። እንደገና ወለወለው። ፊቱ ላይ ያየሁት ድንጋጤ ደስ አላለኝም። ዕድሜውን ሙሉ አጥርቶ ሲያይ የኖረ ሰው ነው፤ መስታወት ሲጋረድበት እጅና እግሩ ሌላ ሰው ይሆናል።

ልብሱን ሊቀይር ሲገባ ወደ ዓሣው ሄድኩና ሚስቱ ነኝ አልኩት። ልጁ ሁሉን ነገረኝ። አዲስ መነጽር ከፋብሪካ ሲወጣ መስታወቱን የሚሸፍን ስስ ቅባት ነገር አለው፣ በጥርስ ሳሙና ታሽቶ ነው የሚለቀው። ይህን የአባትሽን ያህል አጥርቶ የሠራ ሰው አላየሁም አለኝ። ከዚያ በኋላ ከመጥለቅ በፊት ምራቅ ወይም የሕፃን ሻምፖ ይቀቡታል፣ ለቅለቅ ያደርጉታል፣ እንፋሎቱ አይዝም። አባትሽ ግን መስታወት ላይ ዝርክርክ ነገር ማየት አይችልም። ቀብቶ ቀብቶ በዚያ ጨርቅ ከሥሩ ይጠርገዋል። የስቱኮ ዘይት የጠጣ ጨርቅ! ከመጀመሪያውም የባሰ ይሆናል። የሚመጣው ሐሙስ ካልሆነለት ሥልጠናውን ላስቆመው ነው አለኝ፤ እንዲህ የሚደነግጥ ሰው ጥልቁ ጋ አላወርድም።

ይህ ሰውዬ በዚህ ዕድሜው ለምንድን ነው ግን የሚጠልቀው አልኩት። ተገርሞ አየኝ።

«አልነገረሽም እንዴ? ‹ልጄ ውሃ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ መስታወቷ ጉም እየያዘ እጇን እንኳ አያሳያትም፣ በዳበሳ ነው የምትሠራው› አለኝ። ‹መስታወት ደግሞ የእኔ ሥራ ነው› አለኝ። ዘዴውን መጀመሪያ ቀን ነገርኩት፤ ይበቃህ ነበር፣ ሂድና ንገራት አልኩት። ‹ራሴ እዚያ ወርጄ ሳላየው ለልጄ አልነግርም› አለ።»

ያን ቀን አስታወስሽው? እጄን ሳላይ ቡሎን ስፈታ ዋልኩ፣ መነጽሬ ወተት መስሎ ነበር ብለሽ በስልክ ስትስቂ እኔም አብሬሽ ሳቅኩ። ረስቼውም ነበር። በሩን ገርበብ ያደረገው ሰውዬ ግን አልሳቀም።

ሳያየኝ ወጣሁ። በሩ ላይ ያቺ ሴት እየጠበቀችኝ ነበርና ለማላውቃት ሰው የቤቴን ጉድ ዘረገፍኩላት። ሰምታኝ ስትጨርስ እጇን ካፖርቷ ኪስ ውስጥ ከታ ጨርቁ ነዋ ችግሩ አለች። እኔም እሱን እያሰብኩ ነበር።

ትናንት ሐሙስ ከእሱ ቀድሜ ሄጄ ያቺ ፈታሽ ሴቶችን ከምትፈትሽበት መጋረጃ ኋላ ገባሁ። አባትሽ መጣ። ቦርሳውን እንደ ልማዱ ሰጣት። ጨርቁን በሁለት ጣቷ መዝዛ አወጣችው።

«ይሄ አይገባም፣ አባባ።»

«ጨርቅ እኮ ነው።»

«አየሁት። አዲስ መመሪያ ነው። ሲወጡ ይወስዱታል።»

መመሪያውን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ፎጣውስ ብላኝ ነበር፣ ፎጣ እንደሁ መስታወት ላይ አያሳርፍም፤ ክር ይተዋል ብሎ እኔን ስንት ጊዜ ተቆጥቶኛል። በመጋረጃው ቀዳዳ አየሁት። ባዶ እጁን እያየ ትንሽ ቆመ። አንጀቴን በላው። ልወጣና ኧረ ስጪው ልላት ምንም አልቀረኝም ነበር። ጥርሴን ነክሼ ቆየሁ።

ከምሰሶዬ ኋላ ሆኜ ደግሞ ቀጣዩን አየሁ። ሻምፖውን በጣቱ ቀባ። እጁ ከልማድ ወደ ጎኑ ሄደ፣ ጨርቅ የለም። መስታወቱን አየው፣ ዓሣውን አየው። ዓሣው ኮርኒሱን ያያል፤ ጎበዝ ልጅ ነው። አባትሽ መነጽሩን ውሃው ውስጥ አንዴ ነከር አደረገውና እንደ መራራ መድኃኒት ፊቱን አኮማትሮ አጠለቀው። ወረደ።

አሁን ይወጣል ብዬ ጠበቅኩ፣ አልወጣም። አረፋው ይመጣል፣ እሱ አይመጣም። ምሰሶውን ትቼ እስከ ጠርዙ መሄዴን እንኳ አላስተዋልኩም። ታች፣ ወለሉ ላይ ተንበርክኳል። አንድ እጁን ወደ ፊቱ አንሥቶ እያየው ነበር። መዳፉን አየው፣ ገለበጠው፣ ጣቶቹን ዘረጋቸው። ከዚያ ሌላውን እጁን። ያለ ሥራ የተቀመጠ ሰው እጁን እንዲህ ሲያይ አይቼ አላውቅም። ውሃው ውስጥ ለስንት ጊዜ እንደቆየ እንጃ፣ እኔ ግን አንቺን ሳስብ ነበር።

ሲወጣ ወደ ምሰሶዬ ሮጥኩ። መስታወቱ ጥርት ብሏል። ከዚያ ሩቅ ሆኜ ዓይኖቹን አየኋቸው፤ ቀልተዋል።

ቀድሜው ቤት ገባሁና ሻርፑን ደበቅኩ። ሲመጣ ዓይንህ ምን ሆነ አልኩት።

«ሻምፖ ገባበት። ያቃጥላል» አለ።

ሰውዬው አመለጠው እኮ። በሌላ ቀን ቢሆን የምን ሻምፖ ብዬ እስከ ጫማው ድረስ እፈትሸው ነበር። ታጠበው አልኩት። ታጠበ።

እራት በላን። ሳህኑን ሊያነሣ ቆመና፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ አድርጎ፣ ያቺ ልጅ መቼ ነው የምትደውለው አለኝ። በወሩ መጨረሻ አልኩት። የምነግራት ነገር አለ አለ። ቀጠለና፣ ስለ ሥራ ነው አለ። እሺ፣ ስለ ሥራ ነው አልኩት።

አሁን የምለምንሽን ስሚኝ። ይህን ሁሉ አንቺ ሥራው ላይ ስለሆንሽ ከእሱ ቀድመሽ እንደምታውቂው አውቃለሁ። የጥርስ ሳሙናውንም፣ ምራቁንም፣ አትወልውዪ የሚለውንም። ያን ቀን ለምን ጉም እንደያዘብሽ እንኳ ታውቂ ይሆናል፤ ቸኩለሽ ነው የሚሆነው፣ አንቺ መቼም ቸኩለሽ ነው የተወለድሽው። ግን እንዳትነግሪው። እየተንተባተበ ሲጀምር አታቋርጪው። መስታወትሽን አትወልውዪው ሲልሽ፣ ለምን ብለሽ ጠይቂው። ረጅም አድርጎ ይንገርሽ። አላውቅም ነበር በዪው። ስለ እኔ፣ ስለ ምሰሶው፣ ስለ መመሪያው ቃል እንዳይወጣሽ። ይህን ደብዳቤ ከዚያ በፊት እንዲደርስሽ በፈጣን ፖስታ እልከዋለሁ፤ አንብበሽ ቅደጂው። ክፍልሽ ውስጥ የሚበረብር ሰው እንዳለ አይታወቅም።

አምላክ ከፊትሽም ከኋላሽም ይሁን። ወርደሽ በሰላም ውጪ። ውሃው ይጥራልሽ፣ እጅሽን አይተሽ ሥሪ፣ ከጎንሽ የሚወርደው ሰው ሁሉ ልቡ ደግ ይሁን። ጆሮሽን እንዳይበርድሽ።

የምወድሽ እናትሽ፣
ፈታሿ

አሽጌው ነበር፣ መልሼ ከፈትኩት። ዛሬ ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ በር ሥር አንድ ነገር ረግጬ ልወድቅ ነበር፤ ቦርሳው ነው፣ እንደ ድሮው ተወርውሮ። ከፍቼ ጠርሙሱን እንደገና አነበብኩት። ተሳስቼ እንዳይሆን መነጽሬን ጠርጌ ነው ያነበብኩት። ዓይን አያቃጥልም ነው የሚለው።